ልጄ ፊደልን በሊጥ የለየችበት መንገድ
ልጄ 5 ዓመቷ ነው። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ትወርደዋለች። «ቤ»ን ለብቻው ስጠቁማት ግን ከ«በ» ጀምራ ካልቆጠረች አታውቀውም ነበር።

መፍትሔው ከሊጥ ተገኘ። ጠንከር ያለ የስንዴ ሊጥ አቡክተን «በ»ን ሠራን። የፊደሉ ቀኝ እግር ወገብ ላይ ትንሽ ቅጥያ ስትለጥፍ «ቡ» ሆነ። ቅጥያውን ወደ እግሩ ጫፍ ስታወርደው «ቢ»፤ እዚያው ስትጠቀልለው «ቤ»! ደስታዋን ብታዩት! ከዚያ በ«ለ» እና በ«ሰ» ሞከረችው፤ ሠራ። የምልክቱን ቦታ በጣቷ ስለለየችው አሁን ቅደም ተከተሉን ባዘበራርቅባትም ታነባለች።

«ረ» እና «ፈ»ን ግን ለመጨረሻ አቆዩአቸው። በዚህ መንገድ አይሄዱም፤ ቀድመው ከመጡ ሕፃን ያደናግራሉ። ሊጡ ቶሎ እንዳይበላሽ ጨው በዛ አድርጉበትና በላስቲክ ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ውስጥ አስቀምጡት።