የመጎተቻና የተሳቢ መለዋወጫ በርካሽ ለማግኘት፦ ከወሎ ወደ አሜሪካ ለመጣችሁ

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ጋራዥ የሠራ ሰው ያለቀውን ዕቃ በጨርቅ ጠቅልሎ ሱቅ ለሱቅ ይዞራል። ባለሱቁ ያገላብጠዋል፣ ከመደርደሪያ አንድ ያወርዳል፣ ጎን ለጎን ያስተያያል፤ የዋጋ ክርክሩ ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ የመለዋወጫ መደብር ስትገቡ ግን ባንኮኒው ላይ የቆመው ልጅ ዕቃውን ሳያይ የመኪናውን ስም፣ ሞዴልና የምርት ዘመን ይጠይቃችኋል። ለራዲያተር ወይም ለፍሬን ሸራ ጥያቄው ልክ ነው። ለተሳቢ፣ ለዊንች፣ ለመጎተቻ ኳስ ግን አይሠራም፤ የመደብሩ ኮምፒውተር ተሳቢን በሞዴል አያውቀውም። «የለንም» ትባላላችሁ፤ ከዚያ ተሳቢ የሚሸጥ ድርጅት ሄዳችሁ ያንኑ ዕቃ በእጥፍ ትገዛላችሁ።

አብሽሩ፣ መላ አለው። መጎተቻ ላይ ቶሎ ቶሎ የሚያልቁት ዕቃዎች አብዛኞቹ የአንድ ፋብሪካ ብቻ አይደሉም፤ በቁጥርና በልክ የሚሸጡ የወል ዕቃዎች ናቸው። ቁጥሩን ከዕቃው ላይ ያነበበ ሰው ከየትም አወዳድሮ ይገዛል። ያላነበበ ሻጩ የጠራለትን ይከፍላል።

ቃሉና ልኩ

የጋራዥ ቋንቋችን ግማሹ ከጣሊያን የቀረ ስለሆነ እዚህ ሰሚ የለውም። ኩሽኔታ ቤሪንግ ነው፤ ኩሽኔታው የሚቀመጥበት፣ ሀቡ (ጎማው የሚታሰርበት የሚሽከረከር ብረት) ውስጥ ተጠቅጥቆ የገባው ቀለበት ሬስ ይባላል። ግራሶ ግሪስ፣ ካቴና ቼይን፣ ጋንቾ ሁክ፣ ቡሎን ቦልት ነው፤ ዳዶ ነት ሲሆን የጎማው ዳዶ ላግ ነት ይባላል። ተሳቢ ትሬለር ነው፤ አፍንጫው ላይ ያለው ክሪክ ደግሞ ታንግ ጃክ። ካቦ ላይ ተጠንቀቁ፦ ኬብል ብላችሁ ከጠየቃችሁ የባትሪ ሽቦ ሊያመጡላችሁ ይችላሉ። ዋየር ሮፕ በሉ።

ልኩ ሁሉ በኢንችና በፓውንድ ነው። 1 ኢንች 25.4 ሚሊሜትር፣ 1 ፓውንድ 0.45 ኪሎ ገደማ። ከሁሉም መሣሪያ በፊት ዲጂታል ካሊፐር፣ ማለትም የውፍረትና የስፋት መለኪያ ግዙ። ሃርበር ፍሬይትን የመሰሉ መደብሮች በርካሽ ይሸጡታል፤ አንድ ጊዜ የተሳሳተ ዕቃ ከመግዛት ካዳናችሁ ዋጋውን መለሰ ማለት ነው።

የተሳቢ ኩሽኔታ

ብዙ ገንዘብ ያለ አግባብ የሚወጣው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ቀላል ተሳቢዎች ብዙዎቹ 3,500 ፓውንድ፣ ማለትም ወደ 1,590 ኪሎ የሚሸከም አክስል አላቸው። በዚህ አክስል ላይ በብዛት የሚገኘው የውስጥ ኩሽኔታ ኤል 68149፣ የውጪው ደግሞ ኤል 44649 ነው። በብዛት ይገኛል ማለት ግን የእናንተም እሱ ነው ማለት አይደለምና ፈታችሁ አንብቡ።

ተሳቢውን በክሪክ አንስታችሁ በመደገፊያ ብረት ላይ አሳርፉት፤ በክሪክ ብቻ ቆሞ አይሠራበትም። የግራሶ ክዳኑን ዙሪያውን በቀስታ እየመታችሁ አውጡት፣ የዳዶውን መቆለፊያ ፒን ሳቡ፣ ዳዶውን ፍቱ፣ ሀቡን ጎተት አድርጉት፤ የውጪው ኩሽኔታ እጃችሁ ላይ ይወድቃል። በናፍጣ በነከራችሁት ጨርቅ ጥረጉትና ሰፊውን የብረት ፊቱን ወደ ብርሃን አዘንብሉት። ፊደልና ቁጥር በቀጭኑ ተቀርጾ ታያላችሁ። ሙቀት አጥቁሮት ካልታየ ጠመኔ ቀብታችሁ በጣት ጥረጉት፤ ጠመኔው ጭረቱ ውስጥ ይቀርና ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ይወጣል። በስልክ ፎቶ አንሱት። ለሬሱም፣ ግራሶ እንዳይወጣ ለሚይዘው ቀለበት ለሲሉም እንዲሁ አድርጉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ኤል 44643 የሚባል ኩሽኔታ ቀዳዳው ልክ 1 ኢንች ነው፤ የኤል 44649 ቀዳዳ ደግሞ 1 ከ1/16 ኢንች። ሁለቱ ግን አንድ ሬስ ላይ ይቀመጣሉ፣ ኤል 44610 ላይ። ስለዚህ የትኛውንም ብትገዙ ሀቡ ውስጥ ልክክ ይላል፤ ሻጩም «ገባ አይደል?» ይላችኋል። የ1 ኢንች ዘንግ ላይ 44649 ከገባ ግን አንድ ሚሊሜትር ተኩል ያህል ይጫወታል፣ ይግላል፣ ግራሶው ቀልጦ ይወጣል፣ መጨረሻው ጎማ ከነሀቡ መንገድ ላይ መውጣት ነው። ልኩን ከዘንጉ ላይ በካሊፐር ውሰዱ፣ ከሀቡ ብቻ አይደለም።

አዲስ ኩሽኔታ በአሮጌ ሬስ ላይ አይቀመጥም፤ ሁለቱ አብረው ይለወጣሉ። ሬስ መግፊያ መሣሪያ አትግዙ። አውቶዞንና ኦራይሊ ዋጋውን እንደ መያዣ ይቀበሉና መሣሪያውን ያውሷችኋል፤ ስትመልሱ ገንዘባችሁን ይመልሳሉ። ሲሉን ባወጣችሁት ቁጥር አዲስ አድርጉ፣ ከንፈሩ ወደ ግራሶው ዞሮ ይግባ። ግራሶ ቁጥር 2 ሊቲየም ኮምፕሌክስ ይሁን፤ ዘር የሚለያየውን ግራሶ አትደባልቁ። መዳፋችሁ ላይ አድርጋችሁ የኩሽኔታውን ሰፊ ጎን እየጫናችሁበት ግራሶው በሌላው ጎን እስኪወጣ ሙሉት።

ስትገጥሙ ሀቡን በእጅ እያዞራችሁ ዳዶውን እስከ 50 ፉት-ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ ነው) አጥብቁ፤ ኩሽኔታው ሬሱ ላይ እንዲቀመጥ ነው። ከዚያ ሀቡን ሳታዞሩ ዳዶውን ሙሉ በሙሉ አላሉት፣ በጣት ብቻ መልሳችሁ አስጠጉት፣ ፒኑን ክተቱ። እንደ አገራችን የከባድ መኪና ሀብ በቁልፍ አጥብቆ መተው ኩሽኔታውን በመጀመሪያው ረጅም ጉዞ ያቃጥለዋል። ባለ 1/2 ኢንች ላግ ነት ከ90 እስከ 120 ፉት-ፓውንድ ይጠብቃል፤ ከ10፣ ከ25 እና ከ50 ማይል በኋላ እንደገና ይፈተሻል።

ኳስና ሽቦ

የመጎተቻ ኳስ በሦስት ልክ ይበዛል፦ 1 ከ7/8፣ 2፣ እና 2 ከ5/16 ኢንች። ልኩ ኳሱ አናት ላይም፣ ኳሱን የሚጎርሰው የተሳቢ አፍ ላይም ተጽፏል። ሁለቱ ጽሑፎች አንድ መሆን አለባቸው። ባለ 2 ኢንች ኳስ 2 ከ5/16 በሚል አፍ ውስጥ ይገባል፣ የተቆለፈም ይመስላል፤ መጀመሪያ በሚመታው ጉድጓድ ላይ ዘሎ ይወጣል።

የተሳቢ መብራት አልበራ ሲል አዲስ የሽቦ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ነጩን ሽቦ እዩ። ባለ አራት መስመር ሶኬት ላይ ቡናማው የኋላ መብራት፣ ቢጫው የግራ ፍሬቻና ፍሬን፣ አረንጓዴው የቀኝ፣ ነጩ ማሳ (ግራውንድ) ነው። ብልሽቱ ብዙ ጊዜ ነጩ ከሻንሲው ጋር የታሰረበት ቡሎን መዛግ ነው። በብርጭቆ ወረቀት አጽድታችሁ መልሳችሁ እሰሩት፤ ወጪ የለውም።

ርካሽ የማይፈለግበት

የሐረጎን ቁልቁለት ጭነት ይዞ የወረደ ሹፌር የሚይዝ ነገር ሲከዳ ምን እንደሚከተል ያውቃል። ካቴና፣ ካቦ፣ ጋንቾና ማሰሪያ ያገለገለ አትግዙ። ባቲ ሰኞ ገበያ ግመል ስትገዙ ጥርሱን እንደምታዩት ሁሉ እዚህም የሚታይ አለ፦ ምልክቱ። የማጓጓዣ ካቴና ቀለበቶቹ ላይ 7፣ 70 ወይም 700 የሚል ቁጥር አለው። 3/8 ኢንች የሆነው 6,600 ፓውንድ፣ ወደ 3 ቶን፣ ይይዛል። ያው ውፍረት ኖሮት ምልክት ከሌለው ግን መንገድ ላይ የሚፈትሻችሁ ሰው በፌዴራሉ ደንብ መሠረት 2,650 ፓውንድ ብቻ ብሎ ይቆጥረዋል፤ በርካሽ የገዛችሁት ወደ 1.2 ቶን ወረደ ማለት ነው። የጨርቅ ማሰሪያም እንዲሁ ነው። ባለ 2 ኢንቹ ሰሌዳው ላይ ብዙውን ጊዜ 3,333 ፓውንድ ይላል፤ ሰሌዳው ከተቀደደ 2,000 ሆኖ ይቆጠራል። እስከ 10,000 ፓውንድ የሚመዝን መኪና ስትጭኑ ከፊትም ከኋላም፣ በጥቅሉ ቢያንስ በሁለት ማሰሪያ መታሰር አለበት። ቁጥር 70 ካቴና ለማሰር እንጂ አንጠልጥሎ ለማንሳት አይሆንም፤ ለማንሳት 80 ወይም ከዚያ በላይ የሆነውን ግዙ።

የዊንች ካቦ ላይ ግን ጥራቱ ሳይነካ የሚቆጠብ ገንዘብ አለ። የመጎተቻ ዕቃ ብቻ ከሚሸጥ ካታሎግ ይልቅ ክሬንና ማንሻ ዕቃ የሚያዘጋጅ፣ ሪጊንግ የሚባል ሱቅ ፈልጉ፤ ካቦ በፉት ይሸጣሉ፣ ጋንቾውንም በማሽን ጨምቀው ይገጥሙላችኋል። ውፍረቱን፣ ርዝመቱንና ልቡ ብረት እንዲሆን ንገሯቸው፤ ልቡ ክር የሆነው ከበሮው ላይ ሲደራረብ ይጨፈለቃል። መቼ ይጣል? ካቦው ከተገመደባቸው የሽቦ ጥቅሎች አንዱ፣ ማለትም አንዱ ጥምዝ፣ ካቦውን አንድ ጊዜ ዞሮ በሚመለስበት ርዝመት ውስጥ ስድስት የተበጠሱ ሽቦዎች ከቆጠራችሁ፣ ወይም በዚያው ርዝመት በአንዱ ጥምዝ ብቻ ሦስት ካገኛችሁ፣ ያ ካቦ አብቅቶለታል። በባዶ እጅ አትዳብሱት፤ ጨርቅ ጎትታችሁበት የሚይዘውን ቦታ እዩ።

ሃይድሮሊክ

የሚያፈስ ሲሊንደር ሙሉውን መለወጥ ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፤ የሲሉ ስብስብ ብቻ ይለወጣል። የሲሊንደሩን ቁጥር ከዘይት መግቢያው አጠገብ ፈልጉ። ከሌለ የዘንጉን ውፍረትና የቱቦውን የውስጥ ስፋት ለክታችሁ ለሃይድሮሊክ ሱቅ ስጡ። ዘንጉ ከተጫረ ግን አዲሱም ሲል ቶሎ ይበላል፤ መጀመሪያ ዘንጉን በጥፍራችሁ ዳብሱ።

ጎማ ቱቦ በመኪናው ስም አትፈልጉ። ብዙ የናፓ መደብሮች ቆማችሁ ሳለ ቆርጠው ይሠሩላችኋል። የቱቦ ልክ በዳሽ ቁጥር ይጠራል፦ ዳሽ 6 ማለት 6/16፣ ማለትም 3/8 ኢንች ነው፤ ዳሽ 8 ግማሽ ኢንች። ግማሽ ኢንቹ ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ የአፋቸው ተዳፋት 37 ዲግሪና 45 ዲግሪ የሆኑት መጋጠሚያዎች ጥርሳቸው አንድ ነው፣ 3/4-16 (3/4 ኢንች ውፍረት፣ በአንድ ኢንች 16 ጥርስ)። ይጠብቃሉ፣ ግን አፋቸው ስለማይገጥም ያንጠባጥባሉ። አሮጌውን ቱቦ ከነሁለቱም ጫፉ ይዛችሁ ሂዱ። ከመፍታታችሁ በፊት የተነሣውን ክንድ ወይም አልጋ አውርዱ ወይም በብረት ደግፉ። የሚያፈስበትን ስትፈልጉ እጃችሁን አታስጠጉ፤ በግፊት የሚወጣ ዘይት ቆዳ በስቶ ይገባል፣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ጣት እስከ ማስቆረጥ ያደርሳል። ካርቶን አስጠግታችሁ እርጥቡን ቦታ እዩ።

ስትከፍሉ

መደርደሪያ ላይ የተጻፈው ዋጋ በአብዛኞቹ ስቴቶች ታክስን አይጨምርም፤ ካሸር ጋ ሲደርስ ከፍ ይላል። ኢንተርኔት ላይ ስታወዳድሩ የማጓጓዣውን ደምሩ፦ ካቴና ከባድ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ትራክተር ሰፕላይን ከመሰለ የቅርብ መደብር ይረክሳል፤ ኩሽኔታና ሲል ግን ቀላል ስለሆኑ ከሩቅም ያዋጣሉ። ፌስቡክ ማርኬትፕሌስ ላይ ያገለገለ ታንግ ጃክ፣ ቸርኬ ወይም የዊንች ሞተር ስትገዙ ቁጥሩ የሚታይበት ፎቶ ጠይቁ፤ ዕቃውን ሳታዩ ቀብድ አትላኩ። ዳይናሞና የፍሬን ካሊፐር ስትገዙ ደረሰኙ ላይ ኮር የሚል ተጨማሪ ክፍያ ካያችሁ እሱ መያዣ ነው። አሮጌውን ዕቃ አትጣሉት፤ በአዲሱ ሳጥን ከደረሰኙ ጋር መልሳችሁ ውሰዱላቸው፣ ገንዘባችሁን ይመልሳሉ።