አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ውሃ አትጨምሩበት

የፖት ተክላችሁ ሲጠወልግ መጀመሪያ ጣታችሁን አፈሩ ውስጥ ክተቱ፣ እርጥብ ከሆነ ነገሩ ጥማት ሳይሆን ስሩ በስብሶ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ አውጡትና አንድ ቀጭን ስር በሁለት ጣት ይዛችሁ ሳብ አርጉት፤ ጤነኛው ጠንከር ይላል፣ የበሰበሰው ግን ቡናማ ሆኖ ልጣጩ ሙልጭ ብሎ እጃችሁ ላይ ይቀርና መሀሉ እንደ ክር ይተርፋል። ያንን በአልኮል በተጠረገ መቀስ ቁረጡና ከታች ቀዳዳ ባለው ፖት በአዲስ አፈር ትከሉት፣ የድሮውን አፈር ለሌላ ተክል እንዳትጠቀሙበት በጣም አደራ፣ በሽታው እዛው ይቆያል። ውሃ ያቆረ አፈር አየር ስለሌለው ስሩ ይታፈናል፣ እንደ ፒቲየም ያሉት ስር የሚያበሰብሱ በዓይን የማይታዩ ተህዋስያን ደግሞ በውሃው ውስጥ እየዋኙ ነው ስሩ ጋ የሚደርሱት። ግንዱ ከታች ከላመ ግን ስር መቁረጥ አያድነውም፣ ከላይ ጤነኛ ቅርንጫፍ ወስዳችሁ እንደ አዲስ ትከሉ።