ኮንሶሉ አማርኛ አላነብም ሲል፦ የሊኑክስ ኪቦርድና ፎንት ችግሮች ከነመፍትሄያቸው

ጎንደር ውስጥ ሊኑክስ የሚሞክር ሰው አሁን አሁን እየበዛ ነው። ማራኪ ግቢ ያለ ተማሪም ይሁን ፒያሳ አካባቢ ማመልከቻ የሚተይብ ሰው፣ ወደ እኔ የሚያመጣው ጥያቄ ይመሳሰላል። «ኪቦርዱ አብዷል» ይላል አንዱ። «አማርኛው ሳጥን ሆነብኝ» ይላል ሌላው። ብዙ ጊዜ ኪቦርዱም ፎንቱም ጤነኛ ናቸው። መፍትሄውም በይነመረብ ላይ ተገኝቷል፤ ግን የተሞከረው ያለ ቦታው ነው።

ሊኑክስ ላይ የምትጽፉባቸው ቦታዎች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኮንሶል ነው፤ ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 አንድ ላይ ስትጫኑ የሚመጣው ጥቁር ስክሪን። እዚያ ፊደሉን የሚስለው ራሱ ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) ነው። ሁለተኛው ዴስክቶፑ ነው፤ ኖም ወይም ኬዲኢ። ዴስክቶፑ ላይ የምትከፍቱት ተርሚናል ኮንሶል ይምሰል እንጂ ተራ መስኮት ነው። ሁለቱ የየራሳቸው የኪቦርድ ቅንብርና የየራሳቸው ፎንት አላቸው። የአንዱን ስትቀይሩ ሌላው ላይሰማ ይችላል።

ስለዚህ ምንም ከመነካካታችሁ በፊት ቲቲዋይ የሚለውን ትዕዛዝ ጻፉ። መልሱ ውስጥ ፒቲኤስ ካለ መስኮት ውስጥ ናችሁ፣ ወይም ከሌላ ማሽን በኤስኤስኤች (በኔትወርክ) ገብታችኋል። ቲቲዋይ3 ዓይነት መልስ ከሰጣችሁ እውነተኛው ኮንሶል ላይ ናችሁ።

ትዕዛዞቹን እንደሚነበቡት በእኛ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ስትተይቡ በትንንሽ የላቲን ፊደላት ነው። ትልቅ ፊደል የሚያስፈልግ ከሆነ እናገራለሁ።

የይለፍ ቃሌን አልቀበልም አለኝ

@ ስትጫኑ የጥቅስ ምልክት ይወጣል። # ስትሉ የእንግሊዝ ፓውንድ ይመጣል። ይህ ከሆነ ሲስተሙ ኪቦርዳችሁን የእንግሊዝ አድርጎታል ማለት ነው። ዋይና ዜድ ቦታ ከተለዋወጡ ጀርመንኛ ነው። ኤና ኪው ከተለዋወጡና ቁጥር ለመጻፍ ሺፍት ካስፈለጋችሁ ደግሞ ፈረንሳይኛ ነው። ከውጭ በመጣ ያገለገለ ላፕቶፕ ላይ ይህ በብዛት ያጋጥማል። ቁልፉ ወደ ማሽኑ የሚልከው ቁጥር ብቻ ነው። ላዩ ላይ ምን እንደታተመ ማሽኑ አያውቅም።

የይለፍ ቃል ስትጽፉ ስለማይታይ ጥርጣሬውን ማጣራት ያስቸግራል። ከኋላችሁ ሰው ከሌለ የተጠቃሚ ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ተይቡት። የሚወጣውን በዓይናችሁ ታያላችሁ። ከዚያ አጥፉት፤ ኢንተር እንዳትነኩ።

ፌዶራና አርች ላይ የቅጽበት መፍትሄው ኮንሶል ላይ ሆናችሁ «ሱዱ ሎድኪይስ ዩኤስ» ማለት ነው። ይሄ ማሽኑ እስኪጠፋ ብቻ ነው የሚቆየው። ዘላቂው መፍትሄ እንደ ስርጭቱ (እንደ ሊኑክሱ ዓይነት) ይለያያል። ኡቡንቱ፣ ሚንትና ዴቢያን ላይ «ሱዱ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኪቦርድ-ኮንፊገሬሽን» በሉና የሚመጣውን ሜኑ ተከተሉ። ስትጨርሱ «ሱዱ ሴትአፕኮን» ብትሉ ሪስታርት ሳታደርጉ ኮንሶሉ ላይ ይሠራል። ፌዶራና አርች ላይ ደግሞ «ሱዱ ሎካልሲቲኤል ሴት-ኪማፕ ዩኤስ» ይበቃል። ኢቲሲ ማውጫ ውስጥ ያለው ቪኮንሶል ዶት ኮንፍ የሚባል ፋይል ውስጥ ራሱ ይመዘግበዋል።

የታተመውን ልከተል ወይስ የለመድኩትን? ሳታዩ የምትተይቡ ከሆነ የለመዳችሁትን ያዙ። ማሽኑን ሌላ ሰውም የሚጠቀምበት ከሆነ ግን ከታተመው ጋር ይስማማ። አለበለዚያ በየቀኑ ትጠራላችሁ።

ጄ፣ ኬና ኤል ስትጫኑ 1፣ 2 እና 3 ከወጣ ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ነም ሎክ በርቷል፤ አጥፉት።

ሌላም አለ። ከገባችሁ በኋላ ሁሉ ነገር ደህና ነው፤ ዲስኩ የተመሰጠረ ስለሆነ ሲነሳ የሚጠይቃችሁን ቃል ብቻ አይቀበልም። ምክንያቱ ያ ጥያቄ የሚመጣው ዋናው ሲስተም ሳይነሳ መሆኑ ነው። የማስነሻዋ ትንሽ ምስል (ኢኒትራምኤፍኤስ የምትባለው ፋይል) የድሮውን ኪቦርድ ይዛ ቀርታለች። ኪቦርዱን ካስተካከላችሁ በኋላ ምስሏን እንደገና ሥሩ። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሱዱ አፕዴት-ኢኒትራምኤፍኤስ» ብላችሁ ሰረዝ ዩ ጨምሩ። ፌዶራ ላይ «ሱዱ ድራከት» ሰረዝ ኤፍ ነው። አርች ላይ «ሱዱ ኤምኬኢኒትሲፒአይኦ» ሰረዝ ፒ ነው፤ ፒዋ ትልቅ ናት።

ሎድኪይስ ኮንሶሉን አላገኘሁም አለ

የሚሰጠው መልእክት ወደ ኮንሶሉ የሚያመለክት ፋይል ዲስክሪፕተር ማግኘት አልቻልኩም የሚል ነው። ሴትፎንትም ተመሳሳይ ነገር ይናገራል። ብልሽት የለም። ዴስክቶፑ ላይ ባለ መስኮት ውስጥ ሆናችሁ የኮንሶል ትዕዛዝ ሰጥታችኋል። ኮንትሮል፣ አልትና ኤፍ3 ብላችሁ ወደ ኮንሶሉ ሂዱና እዚያ ድገሙት። ለመመለስ በኤፍ1 ወይም በኤፍ2 ሞክሩ።

አማርኛ የፋይል ስም ኮንሶል ላይ አይነበብም

ይሄኛው ነው ብዙ ሰው ተስፋ የሚያስቆርጠው። ዴስክቶፑ ላይ «የጥምቀት ፎቶዎች» የሚባል ፎልደር በደንብ ይታያል። ኮንሶል ላይ ግን በእያንዳንዱ ፊደል ቦታ አንድ ዓይነት አልማዝ ወይም ሳጥን ይደረደራል። ፋይሉ አልተበላሸም፤ ስሙም አልተነካም።

የከርነሉ ኮንሶል ፎንት መያዝ የሚችለው 256 ወይም 512 የፊደል ምስሎችን ብቻ ነው። በዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት ሁሉ ቁጥር በሚሰጠው ሥርዓት) ዋናው የኢትዮጵያ ፊደል ምድብ ውስጥ ፊደላቱ፣ ቁጥሮቹና ምልክቶቹ ተደምረው ዛሬ 358 ናቸው። 256 ቦታ ባለው ፎንት ውስጥ ጭራሽ አይገቡም። በ512ቱ ግን ከእንግሊዝኛው ፊደል ጋር አብረው ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለአማርኛ ተብሎ የተሠራ የኮንሶል ፎንት ያስፈልጋል። ደስ የሚለው ነገር፣ ፎንቱ ብዙ ጊዜ ማሽናችሁ ላይ ቀድሞ አለ። ስሙ ጎሃ ነው። በጎንደሩ ሆቴል የተሰየመ አይመስለኝም፤ ግን እኛ ከተማ ስሙን የሚረሳ ሰው አይኖርም። ጎሃ ክላሲክ የሚባል ሌላም አለ። ሁለቱም በ12፣ በ14 እና በ16 ቁመት ይገኛሉ።

ፌዶራና አርች ላይ ለመሞከር ኮንሶል ላይ «ሱዱ ሴትፎንት» ብላችሁ ጎሃ፣ ሰረዝ፣ 16 ጻፉ። የጎሃ የመጀመሪያዋ ጂ ትልቅ ፊደል ናት። ከወደዳችሁት ቪኮንሶል ዶት ኮንፍ ውስጥ ፎንት፣ የእኩል ምልክት፣ ከዚያ ይህንኑ ስም የያዘ መስመር ጨምሩ። ፎንት የሚለው ቃል እዚህ በሙሉ በትልልቅ ፊደል ነው። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሱዱ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ኮንሶል-ሴትአፕ» በሉ። መጀመሪያ ዩቲኤፍ-8ን፣ ቀጥሎ የፊደል ስብስቡን ኢትዮፒክ፣ ከዚያ ጎሃንና መጠኑን ምረጡ።

ዋጋ ያስከፍላል። 512 ምስል ያለው ፎንት ከቀለም ቦታ ላይ ይቆርጣል፤ ከ16ቱ የጽሑፍ ቀለማት 8ቱ ብቻ ይቀራሉ። ደማቅ የነበረው ፈዘዝ ይላል። እንደ ጩና ሟ ያሉ ፊደላትም በ8 ነጥብ ስፋት ውስጥ ተጨናንቀው ነው የሚቀመጡት። ለረጅም ንባብ አይሆንም። የፋይል ስም ለይቶ ለመቅዳት ግን ከበቂ በላይ ነው። ስክሪናችሁ በጣም ጥራት ያለው ሆኖ ፊደሉ እንደ ጉንዳን ካነሰባችሁ ሴትፎንት ላይ ሰረዝ ዲ ጨምሩ፤ መጠኑን እጥፍ ያደርገዋል። አማርኛ ለማትፈልጉበት ኮንሶል ደግሞ ተርሚነስ የሚባለው ፎንት በ16 በ32 ለዓይን ይሻላል።

ትናንት ሠርቶ ነበር፤ ዛሬ የለም

መብራት ሄዶ መጣ፣ ማሽኑ ተነሳ፣ ጎሃ የለም። ሴትፎንትና ሎድኪይስ ለዚያ ጊዜ ብቻ ናቸው። ላይ ባልኩት መንገድ ፋይል ውስጥ ካልተመዘገቡ ማሽኑ በጠፋ ቁጥር አብረው ይጠፋሉ።

ተመዝግቦም የሚጠፋ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ፎንቱ ለአፍታ ይታይና ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ወደ ድሮው ይመለሳል። የግራፊክስ ድራይቨሩ ዘግይቶ ሲገባ ስክሪኑን እንደ አዲስ ይረከባል፤ ፎንቱንም ይዞት ይሄዳል። ይህን አብዝቼ ያየሁት አርች ላይ ነው። «ሱዱ ሲስተምሲቲኤል ሪስታርት ሲስተምዲ-ቪኮንሶል-ሴትአፕ» ስትሉ ፎንቱ ከተመለሰ ምክንያቱ ይሄው ነው። ዘላቂው መፍትሄ ድራይቨሩን በማስነሻዋ ምስል ውስጥ አስገብቶ ቶሎ እንዲነሳ ማድረግ ነው። ለኢንቴል አይ915፣ ለኤኤምዲ ኤኤምዲጂፒዩ ነው ስሙ።

ኮንሶሉ ላይ አማርኛ መጻፍስ? አትድከሙ። የከርነሉ ኪቦርድ አንድ ቁልፍን ለአንድ ምልክት ነው የሚያስበው፤ ተነባቢና አናባቢ አጣምሮ ፊደል የሚሠራ ፕሮግራም እዚያ የለም። ጽሑፉን ዴስክቶፑ ላይ ጽፋችሁ አምጡት።

ዴስክቶፑ ላይ፦ ሳጥን፣ የጥያቄ ምልክት ወይስ እንግዳ ላቲን?

ሦስቱ አንድ ይመስላሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው።

ሳጥን ከሆነ፣ በተለይም ውስጡ እንደ 1230 ያለ ቁጥር ካለ፣ ፎንት የለም ማለት ነው። 1230 የሰ የዩኒኮድ ቁጥር ነው። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን ወይም አቢሲኒካን ጫኑ። ዴቢያን ላይ ኖቶው የሚገኘው ፎንትስ-ኖቶ-ኮር በሚባለው ጥቅል ውስጥ ነው። ፕሮግራሙን ዘግታችሁ ስትከፍቱት ይነበባል።

የጥያቄ ምልክት ብቻ ከተደረደረ ፎንት ብትጭኑ አይድንም። ሎካል የሚለውን ትዕዛዝ ስጡ። መልሱ ላይ ዩቲኤፍ-8 ከሌለ፣ ሲ ወይም ፖዚክስ ብቻ ካለ፣ ሲስተሙ አማርኛን ጭራሽ አያውቅም። ዴቢያንና ኡቡንቱ ላይ «ሱዱ ዲፒኬጂ-ሪኮንፊገር ሎካልስ» ብላችሁ ማንኛውንም የዩቲኤፍ-8 ምርጫ ያዙ። የእንግሊዝኛውም ይሠራል፤ የግድ የአማርኛው መሆን የለበትም።

እንግዳ ላቲን ከወጣ፣ ጭረት ያለባት ኤ በየሦስት ምልክቱ እየተመላለሰች ከሆነ፣ ፋይሉ ደህና ነው፤ የተከፈተው ግን በሌላ ኢንኮዲንግ (ፊደልን ወደ ባይት በሚለውጥ ሌላ ስልት) ነው። የኛ ፊደል በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ሦስት ባይት ይይዛል፤ ሁሉም በአንድ ዓይነት ባይት ስለሚጀምሩ ነው ያቺ ኤ የምትደጋገመው። ስትከፍቱት ዩቲኤፍ-8 ብላችሁ ምረጡ። ድግግሞሽ የሌለው የተዘበራረቀ ላቲን ከሆነ ግን ሰነዱ ከዩኒኮድ በፊት በነበረ የግዕዝ ፎንት ተተይቦ ሊሆን ይችላል። የቆዩ ማመልከቻዎችና የቆዩ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ይሄ ያጋጥማል። ያንኑ ፎንት ማግኘት ወይም መለወጫ መጠቀም ነው እንግዲህ።

አማርኛ ጨመርኩ፤ ግን ሰ ላይ ተቀረቀረ

ኖም ላይ አማርኛ ስትጨምሩ ከአንድ በላይ ምርጫ ይመጣል። ተራው «አማርኛ» ኢቲ የሚባለው የኪቦርድ አቀማመጥ ነው። ቁልፍ በተጫናችሁ ቁጥር የተወሰነ ፊደል ይሰጣል እንጂ አናባቢ ስትጨምሩ ሰን ሱ፣ ሲ፣ ሳ አያደርገውም። የምትፈልጉት ሴራ የሚለውን ነው። እሱ እንዲመጣ አይባስ-ኤም17ኤን የሚባለውን ጥቅል ጫኑ፣ ከዚያ ውጡና ግቡ። ሳትወጡ ዝርዝሩ ላይ ብትፈልጉት አታገኙትም።

በሴራ ጂ፣ ኦ፣ ኤን፣ ዲ፣ ኢ፣ አር ስትሉ ጎንደር ይወጣል። ትልቅና ትንሽ ፊደል ይለያል። «ጥምቀት» ብላችሁ «ትምቀት» ከወጣ የመጀመሪያዋን ቲ በሺፍት አድርጓት። ሁለት ነጥብ ሁለቴ ስትጫኑ አራት ነጥብ ይሆናል።

ብራውዘር ላይ ሠርቶ ሌላ ፕሮግራም ላይ እምቢ ካለ ፕሮግራሙ ከአይባስ (ፊደሉን ከሚያጣምረው ፕሮግራም) ጋር አልተገናኘም። ኡቡንቱና ዴቢያን ላይ አይኤም-ኮንፊግ የሚለውን ትዕዛዝ ሰጥታችሁ አይባስን ምረጡና እንደገና ግቡ። ኬዲኢ በዌይላንድ (በአዲሱ የስክሪን ሥርዓት) ከሆነ ሲስተም ሴቲንግ ውስጥ ምናባዊ ኪቦርድ የሚለው ጋ ገብታችሁ ነው የምትመርጡት። ሴትኤክስኬቢማፕ የሚሉ የቆዩ መመሪያዎችን ደግሞ ዌይላንድ ላይ ተዋቸው፤ የድሮው የስክሪን ሥርዓት፣ የኤክስ11 ናቸው።

ትዕዛዝ ስትጽፉ በአማርኛ መቆየትም ራስ ያዞራል። ኮማው ፣ ይሆናል፣ ሁለት ነጥቡ ፡ ይሆናል። በኤስሲፒ ፋይል ስትልኩ ያ ሁለት ነጥብ ዓይን ላይ ትክክል ይመስላል፤ ማሽኑ ግን አያውቀውም። ከመተየባችሁ በፊት በሱፐርና ስፔስ (ሱፐር የዊንዶውስ ምልክት ያለባት ቁልፍ ናት) ወደ እንግሊዝኛ ተመለሱ።

ኪቦርዱ በሙሉ አማርኛ ሆኖ መግባት አቃተኝ

ይህ የሚደርሰው የኪቦርዱን ፋይል በእጁ አርሞ ኢቲን ብቻ የጻፈ ሰው ላይ ነው። የተጠቃሚ ስሙም የይለፍ ቃሉም በላቲን ነው፤ ላቲን ግን የለም። ኤስኤስኤች ክፍት ከሆነ ከሌላ ላፕቶፕ ግቡ፤ የዚያኛው ኪቦርድ ነው የሚሠራው። ፌዶራና አርች ላይ ሌላ መንገድም አለ። ግራብ (ማሽኑ ሲነሳ የሚታየው ሜኑ) ሲመጣ ኢ ን ተጫኑ፤ ግራብ እንደ ነባሪ የአሜሪካን ኪቦርድ ስለሚጠቀም ይሰማችኋል። ሊኑክስ በሚለው መስመር መጨረሻ ላይ ቪኮንሶል፣ ነጥብ፣ ኪማፕ፣ የእኩል ምልክት፣ ዩኤስ ያለ ክፍተት ጻፉና ኮንትሮልና ኤክስ ተጫኑ። ማሽኑ ሲነሳ ወደ ኮንሶሉ ሂዱና ግቡ። ከገባችሁ በኋላ ፋይሉ ላይ ዩኤስን ከፊት፣ ኢቲን ከኋላ በኮማ አድርጉና መቀያየሪያውን አልትና ሺፍት በሉት። ያቺ ኮማ የእንግሊዝኛዋ ትሁን።