የአውስትራሊያ ፉትቦል ፋንታሲ ቡድን እንዴት ይመረጣል?

ፋንታሲ ማለት እውነተኛ ተጫዋቾችን በምናብ ገንዘብ ገዝቶ፣ እነሱ ሜዳ ላይ በሠሩት ሥራ ነጥብ የሚሰበሰብበት ጨዋታ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ፋንታሲን የለመደ ሰው ኳስ በእጅም በእግርም ወደሚቀበልበት የአውስትራሊያ ፉትቦል ሲሻገር መጀመሪያ የሚሳሳተው ጎል አግቢ በመግዛት ነው። እንግሊዝ ላይ ጎልና ለጎል የሚሆን ኳስ ማቀበል ሁሉንም ይወስናል። አውስትራሊያ ላይ ግን አራት ጎል ያስቆጠረ አጥቂ፣ ቀኑን ሙሉ ከኋላ ኳስ ሲያወጣ ከዋለ ተከላካይ ያነሰ ነጥብ ይዞ ሊወጣ ይችላል። እዚህ የሚገዛው ስም ሳይሆን ሥራ ነው፤ ተጫዋቹ ሜዳው ላይ የት ይቆማል፣ ኳስስ ስንት ጊዜ ይደርሰዋል?

ስለ ሊጉ፣ ኤኤፍኤል ስለሚባለው፣ ብዙ ማወቅ አያስፈልግም። 18 ክለቦች አሉ፤ ከመጋቢት ጀምሮ ይጫወቱና መስከረም ላይ በፍጻሜ ጨዋታ ይዘጋሉ። ከየቡድኑ 18 ሰው እንቁላል ቅርጽ ባለው ሜዳ ላይ አራት ሩብ ይጫወታል፤ ሩቡ 20 ደቂቃ ሲሆን የባከነው ሰዓት ይጨመርበታል።

የትኛውን ጨዋታ?

ሁለት ትልልቅ ጨዋታዎች አሉ። ኤኤፍኤል ፋንታሲ የሊጉ የራሱ ነው፤ እያንዳንዱን ድርጊት ቆጥሮ ቋሚ ነጥብ ይሰጣል። ሱፐርኮች ግን የንክኪውን ጥራት ይመዝናል። በአንድ ግጥሚያ ለሁሉም ተጫዋቾች የሚከፋፈለው ነጥብ በድምሩ 3,300 ነው፤ በግርግር መሃል የተነጠቀ ኳስና ውጤቱ ተቀራርቦ ሳለ የተሠራ ሥራ የበለጠ ይከፈልበታል። ስለዚህ አንዱ ጨዋታ ላይ ወርቅ የሆነ ተጫዋች ሌላው ላይ መዳብ ሊሆን ይችላል። በ2018 የመጀመሪያ ሳምንት ለሆውቶርን ተሰልፎ ኮሊንግዉድ ላይ 54 ጊዜ ኳስ ያቀበለው ቶም ሚቸልን የመሰለ፣ አጫጭር ኳስ እየደጋገመ የሚሰበስብ አማካይ፣ ከሱፐርኮች ይልቅ ለኤኤፍኤል ፋንታሲ የተፈጠረ ነው። የአንዱን ምክር ለሌላው አይጠቀሙ። ከዚህ በታች ያለው በሙሉ ኤኤፍኤል ፋንታሲ ክላሲክ የሚባለውን የጨዋታ ዓይነት የሚመለከት ነው።

በክላሲክ 30 ተጫዋች ይገዛሉ። 22ቱ ይሰለፋሉ፤ 6 ተከላካይ፣ 8 አማካይ፣ 2 ሩክ (ጨዋታ ሲጀመር ወደ ላይ ለተወረወረው ኳስ የሚዘለው ረጅም ተጫዋች)፣ 6 አጥቂ። የቀሩት 8 ተጠባባቂዎች ናቸው። የገንዘብ ጣሪያው በየዓመቱ ይሻሻላል። ከአንድ ክለብ ከሦስት በላይ አይፈቀድም የሚለው የእንግሊዙ ገደብ እዚህ የለም።

ነጥቡን በእጅዎ ያስሉት

በእግር ምት ማቀበል 3 ነጥብ ነው። ሃንድቦል፣ ማለትም ኳሱን በአንድ እጅ ይዞ በሌላው ቡጢ መትቶ ማቀበል፣ 2 ነጥብ አለው። ማርክ፣ ማለትም ቢያንስ 15 ሜትር የተጓዘን የእግር ምት መሬት ሳይነካ መያዝ፣ 3 ነጥብ ነው። ታክል፣ ማለትም ኳስ የያዘን ተጋጣሚ ይዞ ማስቆም፣ 4፤ ጎል 6፣ ከጎሉ ጎን ባሉት ምሰሶዎች መሃል ያለፈ ቢሃይንድ 1። ሩኩ ዘሎ ለጓደኛው የነካው ኳስ፣ ሂትአውት የሚባለው፣ 1። ያገኘው ቅጣት ምት 1 ሲጨምርለት የሠራው ጥፋት 3 ይቀንስበታል።

አሁን ሦስት ሰዎችን እናስላ። አማካዩ 18 ምት፣ 12 ሃንድቦል፣ 5 ማርክ፣ 5 ታክልና 1 ጎል አለው፤ አንድ ቅጣት ምት አግኝቶ ሁለት ጥፋት ሠርቷል። 54፣ 24፣ 15፣ 20፣ 6 እና 1 ተደምረው 6 ሲቀነስ 114 ይሆናል። ከኋላ ኳስ የሚያወጣው ተከላካይ 20 ምት፣ 8 ማርክ፣ 6 ሃንድቦልና 2 ታክል ይዞ 104 ያመጣል። አጥቂውን ደግሞ የጋዜጦቹ ሁሉ ርዕስ ያድርጉት፤ 4 ጎል፣ 2 ቢሃይንድ፣ በጠቅላላው 9 ምት፣ 6 ማርክ፣ 2 ሃንድቦልና 1 ታክል። የሱ ድምር 79 ነው። ይህ ለሱ ጥሩ የሚባለው ቀኑ መሆኑን ልብ ይበሉ፤ ኳስ ባልመጣለት ሳምንት 35 ይዞ ይመለሳል።

ስለዚህ ለአጥቂነት የተመደቡትን 6 ቦታዎች በእውነተኛ ጎል አግቢ አይሙሏቸው። በጨዋታው ዝርዝር ላይ "አጥቂ" ተብሎ የተመዘገበ፣ ዘንድሮ ግን መሃል ሜዳ ወይም ኋላ መስመር ላይ የሚጫወት ሰው ይፈልጉ። ምዝገባው በአብዛኛው ያለፈውን ዓመት ቦታ ይከተላልና አሠልጣኙ በሁለቱ ወቅቶች መሃል ያዛወረው ተጫዋች በአሮጌ ቦታው ተመዝግቦ ይገኛል። በሁለት ቦታ የተመዘገበ ተጫዋች ካገኙ ደግሞ በተመሳሳይ ዋጋ እሱን ያስቀድሙ፤ አንዱ መስመር ላይ ጉዳት ሲደርስ አዙረው ያሰልፉታል።

ሚናውን ይግዙ

ሃሪ ሺዝል በ2022ቱ ድራፍት፣ ክለቦች ወጣት ተጫዋቾችን በተራ በሚመርጡበት ሥርዓት፣ በ3ኛ ምርጫ ሲወሰድ በአጥቂነት የሚታወቅ ልጅ ነበር። ኖርዝ ሜልበርን በ2023 ኋላ መስመር ላይ አሰለፈው፤ በመጀመሪያ ጨዋታው 34 ጊዜ ኳስ አገኘ። ያን ዓመት ያለ እሱ የተጀመረ ቡድን እስከ ወቅቱ ማብቂያ ሲሯሯጥ ነው የከረመው።

የዚህ ተቃራኒ ብሮዲ ግረንዲ ነው። ኮሊንግዉድ እያለ ከምርጦቹ ሩኮች አንዱ ነበር። ለ2023 ወደ ሜልበርን ተዛውሮ ከሌላው ሩክ ከማክስ ጋውን ጋር አንድ ቦታ ለሁለት ሲካፈል ሂትአውቱም ንክኪውም ለሁለት ተከፈለ፤ ኋላም ከአሰላለፉ ወጣ። በ2024 ሲድኒ ሄዶ ብቻውን ዋና ሩክ ሲሆን የቀድሞው ግረንዲ ተመለሰ። ሰውዬው ያው ነው፤ የተለወጠው ሥራው ነበር።

ሚናን ለማወቅ የካቲት መጨረሻና መጋቢት መጀመሪያ ላይ የሚደረጉትን የዝግጅት ጨዋታዎች ይከታተሉ፤ ሲከታተሉ ግን ያስቆጠረውን ነጥብ ይርሱት። አሠልጣኞቹ ዋና ተጫዋቾቻቸውን ግማሽ ቀን አጫውተው ያስወጣሉና ነጥቡ ያሳስታል። መቁጠር ያለብዎት ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ጨዋታ በመሃል ሜዳ በተጀመረ ቁጥር ተጫዋቹ በመሃል ሜዳው ካሬ ውስጥ ስንት ጊዜ ተገኘ? ከአሥሩ በሰባት ወይም በስምንቱ ካለ እውነተኛ አማካይ ነው፤ በሦስቱ ብቻ ካለ ክንፍ ላይ እየቆመ አልፎ አልፎ የሚገባ ነው። ሁለተኛ፣ ተጋጣሚ ቢሃይንድ ካስቆጠረ በኋላ ኳሱን ከጎል ክልል የሚያስጀምረው ማን ነው? ይህ ሰው ከክልሉ ወጥቶ ከመታው እንደ ምት ተቆጥሮለት 3 ነጥብ ያገኛል። በጨዋታ አምስት ጊዜ ከደገመው 15 ነጥብ በነጻ ነው።

ገንዘቡን የት ያውሉታል?

የመነሻ ዋጋ የሚወጣው ባለፈው ዓመት አማካይ ነጥብ ተባዝቶ ነው። ማባዣው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ለስሌት እንዲመች 10,000 እንበለው። ያኔ 110 ያመጣ ተጫዋች 1,100,000 ዶላር፣ 70 ያመጣው 700,000 ያወጣል ማለት ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው "ይህ ተጫዋች ጎበዝ ነው?" አይደለም። ጥያቄው "ዘንድሮ ከዋጋው በላይ ያመጣል?" ነው። በ70 የተሸጠልዎት ሰው አምና ሙሉ ዓመት በጡንቻ ጉዳት ሲንገዳገድ የነበረ፣ ካቻምና ግን 100 ያመጣ ከሆነ 30 ነጥብ በቅናሽ ገዙ።

የተለመደው አካሄድ ግማሹን ገንዘብ በማይነኩ ውድ ተጫዋቾች ላይ አፍስሶ ቀሪውን ቡድን በርካሽ ጀማሪዎች መሙላት ነው። መካከለኛ ዋጋ ያላቸውን ማብዛት አደገኛ ነው፤ 75 በሚያመጡ ሰዎች የተሞላ ቡድን መጥፎ ባይመስልም ዋጋቸው አያድግም፣ ወደ ውድ ተጫዋች መሸጋገሪያ ገንዘብም አይፈጥሩም። ከላይ እንዳለው ግልጽ የቅናሽ ምክንያት ያላቸውን ሦስት ወይም አራት ብቻ ይያዙ።

ሩክ ላይ እንቆጥብ የሚሉ አሉ፤ አንስማማም። የሚሰለፉት ሁለት ብቻ ናቸው፤ ብቻውን የሚዘል ዋና ሩክ ደግሞ በእግሩ ኳስ ሳይነካ በሂትአውት ብቻ 30 እና 35 ነጥብ ይሰበስባል። ሁለቱንም ከላይኛው መደርደሪያ ያንሱ። ከመግዛትዎ በፊት ግን ክለቡ ሁለተኛ ሩክ አምጥቶ እንደሆነ ያጣሩ።

ጀማሪዎቹ ገንዘብ ማተሚያ ናቸው

አዲስ ተጫዋች በ200 ሺዎቹ ውስጥ ይገዛል። በእኛ ስሌት 220,000 ያወጣ ልጅ የሚጠበቅበት 22 ነጥብ ነው። 65 እያመጣ ከቀጠለ ዋጋው በየሳምንቱ ይወጣና 500,000 አካባቢ ይደርሳል። የሚመረጥበት መስፈርት አንድ ነው፤ የጨዋታ ዋስትና። ድንቅ ችሎታ ኖሮት በሁለተኛ ቡድን የሚቀመጥ ልጅ ሳንቲም አያስገኝም። ደካማ ክለብ ውስጥ ያለ፣ ወይም የተጎዳ ነባር ተጫዋች ቦታ የተሰጠው ልጅ ይሻላል። ሜዳ ላይ ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚያገኝ ጀማሪ ደግሞ 20 ነጥብ ይዞ ዋጋውን ባለበት ያደርቀዋል።

ሁለተኛው ዙር ጀማሪዎች ሚያዝያና ግንቦት ላይ ብቅ ይላሉ፤ እነሱን ቀድሞ ለማወቅ የአብዛኞቹ ክለቦች ሁለተኛ ቡድን የሚጫወትበትን ውድድር፣ ቪኤፍኤልን፣ መመልከት ይረዳል። ሜልበርን ለምትኖሩ፣ ፉትስክሬይ ካሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች በእግር በሚደረስበት ዊተን ኦቫል የዌስተርን ቡልዶግስ ሁለተኛ ቡድን ይጫወታል፤ ክትፎውን ከበሉ በኋላ ሄዶ ማን መሃል ሜዳ እንደሚቆም ማየት ይቻላል።

በየሳምንቱ ሁለት ቅያሪ

ሁለቱ ቅያሪዎች ወደሚቀጥለው ሳምንት አይተላለፉም፤ ስለዚህ ይጠቀሙባቸው። ጥሩው አሠራር አንዱን ወደ ታች፣ አንዱን ወደ ላይ መቀየር ነው። 500,000 የደረሰውን ጀማሪ ሸጠው በ220,000 አዲስ ይግዙ፤ 280,000 ተረፈ። ሌላውን 550,000 የደረሰ ጀማሪ ሸጠው ሲደምሩት 830,000 አለዎት። አሁን እውነተኛ አቅሙ 100 የሆነ፣ በሁለት ክፉ ሳምንት ዋጋው የወረደ ኮከብ ይፈልጉ።

መቼ እንደሚሸጥ የሚነግረው ብሬክ-ኢቨን የሚባለው ቁጥር ነው፤ ተጫዋቹ ዋጋው እንዳይወርድ በሚቀጥለው ጨዋታ ማስቆጠር ያለበት ነጥብ ማለት ነው። የጀማሪው ብሬክ-ኢቨን ከተለመደው ነጥቡ ሲበልጥ ልጁ ደርሷል፣ ይሸጥ። ውድ ተጫዋች ግን ብሬክ-ኢቨኑ ስለጨመረ ብቻ አይሸጥም፤ አንዱን ኮከብ በሌላ ኮከብ መቀየር ቅያሪ ማባከን ነው።

ጉዳት ላይ አይደናገጡ። ራሱን ተመትቶ የአእምሮ መናወጥ የተመዘገበበት ተጫዋች ቢያንስ 12 ቀን አይጫወትም፤ ያ ብዙ ጊዜ አንድ ጨዋታ ነው፣ ተጠባባቂ ካለዎት ይታገሱት። ሦስት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከሆነ ይሽጡ።

የክለቦቹ የእረፍት ሳምንታት ቡድን የሚያፈርሱት በዚህ መሃል ነው። ከ2024 ወዲህ ወቅቱ ከፊሎቹ ክለቦች ብቻ በሚጫወቱበት የመክፈቻ ዙር ስለሚጀምር እነዚያ ክለቦች ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያርፋሉ፤ በወቅቱ አጋማሽ ደግሞ ሁሉም በተራ ያርፋሉ። በነዚህ ሳምንታት የ18 ምርጥ ተጫዋቾች ነጥብ ብቻ ይቆጠራል። ገና ሲገዙ ከእያንዳንዱ ስም ጎን የእረፍት ሳምንቱን ይጻፉ፤ ሰባትና ስምንት ውድ ተጫዋቾች አንድ ሳምንት ላይ ከተደራረቡ ሁለቱን አሁኑኑ ይለውጡ።

አምበልና ምክትሉ

የአምበሉ ነጥብ እጥፍ ይሆናል፤ አምበሉ ካልተጫወተ የምክትሉ ይታጠፋል። ትልቁ ዘዴ ከዚህ ይወጣል። ሐሙስ ወይም ዓርብ የሚጫወት ኮከብን ምክትል ያድርጉ። 120 እና ከዚያ በላይ ካመጣ፣ በዚህ ሳምንት የማይሰለፍና የክለቡ ጨዋታ ገና ያልተጀመረ አንድ ርካሽ ተጫዋች ወደ አሰላለፉ አስገብተው አምበልነቱን ይስጡት። እሱ ስለማይጫወት የምክትሉ ነጥብ ይታጠፋል፤ ባዶ የቀረውን ቦታ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ የተጠባባቂ ምልክት ያደረጉበት ሰው ይሞላዋል። ምልክቱን ማድረግ ከረሱ ዜሮ ይቆጠራል፤ ብዙ ሰው የሚከስረው እዚህ ላይ ነው። ምክትሉ 95 ብቻ ካመጣ አይሰሰቱ፣ እሑድ የሚጫወተውን ኮከብ አምበል ያድርጉ።

ለአምበልነት ሁለት ሰው እኩል ከሆኑብዎት ሜዳውን ይዩ። ሜልበርን ያለው ማርቭል ስታዲየም ጣራ አለው፤ ዝናብ ስለማይገባ ማርክ ይበዛል። በዝናብ ኳሱ ያንሸራትታል፣ ማርክ ያንሳል፣ ታክል ይጨምራል፤ ያን ቀን ተከላካይ ከሚሆን በግርግር የሚኖር አማካይ ይሻላል።

ከመጀመሪያው ፊሽካ በፊት

የእያንዳንዱ ተጫዋች ቦታ የሚቆለፈው የክለቡ ጨዋታ ሲጀመር ነው፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይዘጋም። የመጨረሻው አሰላለፍ የሚታወቀው ከጨዋታው አንድ ሰዓት አስቀድሞ ነው፤ በዚህች አንድ ሰዓት ውስጥ ከዝርዝር የሚወጣ ኮከብ በየሳምንቱ አይጠፋም። ኢትዮጵያ ሆነው ለሚጫወቱ ሰዓቱ ያምታታል። ሜልበርን ሐሙስ ምሽት በእነሱ አቆጣጠር 7:30 (19:30) ሲል በእኛ አቆጣጠር ቀን 6:30 ነው፤ እስከ ሚያዝያው የሰዓት ለውጥ ድረስ ደግሞ 5:30። የቅዳሜው ቀትር ጨዋታ እኛ ጋ ገና ንጋት ነውና የቅዳሜ ቀዳሚ ጨዋታ ተጫዋቾችን ጉዳይ ዓርብ ማታ ይጨርሱ። ተጠባባቂ አድርገው ምልክት የሚያደርጉበት ሰውም በተቻለ መጠን እሑድ የሚጫወት ይሁን፤ ቅዳሜ የወጣውን ተጫዋች ዝርዝር አይተው እስከዚያ ሊቀይሩት ይችላሉ።