ዴስሞፕሬሲን የሚወስድ ሰው ውሃ እንዴት ይጠጣ?

ዴስሞፕሬሲን በብዛት የሚታዘዘው ማታ አልጋ ላይ ለሚሸና ልጅ፣ ወይም ሰውነቱ ውሃ መያዝ አቅቶት ቀን ከሌት ለሚጠማና ለሚሸና ሰው ነው። መድኃኒቱ ቫሶፕሬሲን የተባለውን ሆርሞን ይተካል። ኩላሊት ውሃ እንዳይለቅ ያደርጋል። አደጋውም ያለው እዚሁ ላይ ነው። ውሃው ሳይወጣ እላዩ ላይ ከተጠጣ ደም ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀንሳል። ጤነኛው መጠን በሊትር ከ135 እስከ 145 ሚሊሞል ነው። በጣም ከወረደ አንጎል ያብጣል።

ስለዚህ መድኃኒቱን ከመጀመርዎ በፊት ሶዲየም ይለኩ። ከጀመሩ በኋላ መቼ እንደሚደገምም ሐኪሙን ይጠይቁ። በተለይ ዕድሜዎ ከ65 በላይ ከሆነ ይህን አይዝለሉ።

የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ። ፒያሳ ካለ ፋርማሲ ለወገብ ሕመም የገዙት ዳይክሎፌናክም ይቆጠራል። አይቡፕሮፌን፣ ለደም ግፊት የሚሰጠው ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጠው ካርባማዜፒንና አንዳንድ የድብርት መድኃኒቶችም አደጋውን ያብሳሉ። ዘመድ ከውጭ የላከው የዴስሞፕሬሲን የአፍንጫ ስፕሬይ ካለ ደግሞ ለልጅ አይስጡ። በአሜሪካ ስፕሬዩ ለአልጋ መሽናት እንዳይታዘዝ የተደረገው በ2007 እ.ኤ.አ. ነው።

ዋናው ነገር ሰዓት ነው። ለሌሊት ሽንት የሚወስድ ሰው ከኪኒኑ 1 ሰዓት በፊት ጀምሮ እስከ 8 ሰዓት በኋላ ድረስ ፈሳሽ መቀነስ አለበት። ማታ 3 ሰዓት ከዋጠ ከምሽቱ 2 እስከ ሌሊቱ 11 ማለት ነው። ጥማት ከያዘው ጥቂት ይጎንጭ፤ ከዚያ አይለፍ። ከእራት በኋላ ያለው ሻይ፣ ለስላሳውና ሾርባውም ፈሳሽ ነው። ማልደው ጠበል በብዛት የሚጠጡ ከሆነ ለሐኪሙ ሳያፍሩ ይንገሩት፤ መጠኑንና ሰዓቱን አብራችሁ ታስተካክላላችሁ።

ልጁ ካስመለሰው፣ ካስቀመጠው ወይም ካተኮሰው የዚያን ሌሊት ኪኒን ይተዉና ሐኪም ያማክሩ። ሰውነቱ ውሃ መያዝ አቅቶት የሚወስደው ሰው ግን በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም። እሱ ሲጠማው ብቻ ይጠጣ። «ውሃ ለኩላሊት ጥሩ ነው» እያሉ የሚያስጨንቁትን አይስማ።

ከባድ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደንዘዝ ወይም ግራ መጋባት ከታየ ቀጣዩን ኪኒን አይስጡ። ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። ራሱን ከሳተ ወይም ካንቀጠቀጠው 907 ደውለው አምቡላንስ ይጥሩ። ሰው ሲያዞረው ውሃ ማጠጣት ልማዳችን ነው፤ እዚህ ላይ ግን ይጎዳል። ሆስፒታል እንደደረሱ ከሁሉ በፊት «ዴስሞፕሬሲን ይወስዳል» ይበሉ፣ ጉሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት ሶዲየሙ እንዲለካ።