የ18ኛውን የግብፅ ሥርወ መንግሥት የዘር ሐረግ ለመሳል ከእናቶች ጀምሩ

ጅማ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ የፈርዖኖችን ስም በተርታ ይደረድሩና አንዱን የቀጣዩ አባት ያደርጉታል። የነገሥታት ዝርዝር ሌላ፣ የዘር ሐረግ ሌላ። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አልሄድም፤ የጅማ ነገሥታት መቀመጫ የነበረው ጅሬን አጠገባችን ነው። ቀዳማዊ አባ ጅፋርን ልጁ አባ ሬቡ ተካው። ከሱ በኋላ የነገሠው አባ ቦኮ ግን አጎቱ ነው።

የደብተር ገጽ አይበቃችሁም። ያለፈውን ዓመት የግድግዳ ካላንደር ገልብጡት። እርሳስ፣ ላጲስ፣ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ ያዙ። ጋብቻ በቀይ፣ ልደት በሰማያዊ። ያልተረጋገጠው በእርሳስ ነጠብጣብ ይሁን።

ከላይ የምትቀመጠው ቴቲሸሪ ናት። ከንጉሥ ቤት አልተወለደችም። ከሥሯ ሰቀነንሬ ታኦንና አህሆቴፕን ጻፉ። ከእነሱ የተወለደው አህሞስ ነው፤ ሰሜን ግብፅን ይገዙ የነበሩትን ባዕዳን፣ ሂክሶሶችን፣ ከግብፅ አስወጥቶ ሥርወ መንግሥቱን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1550 ገደማ የጀመረው። አህሞስ አቢዶስ ላይ ባቆመው የድንጋይ ጽሑፍ ቴቲሸሪን የእናቴም የአባቴም እናት ይላታል። እንግዲህ አባትና እናቱ ወንድምና እህት ናቸው፤ ቀዩን መስመር በሁለቱ መካከል አስምሩ። እዚህ ላይ ክፍሉ ሁሌም ይንጫጫል። ሰባት ቤት ተቆጥሮ በሚጋባበት አገር ያደገ ልጅ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። አህሞስም እህቱን አህሞስ ኔፈርታሪን አገባ። ልጃቸው ቀዳማዊ አመንሆቴፕ ነው።

አሁን ሰማያዊውን መስመር ቁረጡ። ቀጥሎ የነገሠው ቀዳማዊ ቱትሞስ የአመንሆቴፕ ልጅ አይደለም። እናቱ ሰንሰነብ ናት፤ የአባቱን ሳጥን ባዶ ተዉት። ከእሱ ሥር ሁለት እናቶች ለዩ። ከንግሥት አህሞስ ሐትሸፕሱት፣ ከሙትኖፍሬት ዳግማዊ ቱትሞስ ተወለዱ። ሁለቱ ተጋቡ። ሣልሳዊ ቱትሞስ ግን ኢሲስ ከምትባል ሌላ ሚስት ነው። ስለዚህ ሐትሸፕሱት አክስቱም እንጀራ እናቱም ናት። እናቶቹን ካልጻፋችሁ ይህ ሁሉ ይጠፋባችኋል።

ዳግማዊ አመንሆቴፕ፣ ራብዓዊ ቱትሞስ፣ ሣልሳዊ አመንሆቴፕ፦ እዚህ ልጅ አባቱን ይተካል፣ ቶሎ እለፉት። ከሣልሳዊው አመንሆቴፕ ጎን ቲዬን ጻፉና ከበላይዋ ለወላጆቿ ለዩያና ለቱያ ሰፊ ቦታ ስጡ። ንጉሣውያን አይደሉም፤ ሆኖም መቃብራቸው በነገሥታት ሸለቆ ውስጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ሲገኝ አብዛኛው ዕቃ እንዳለ ነበር።

የቱታንካሙን ወላጆች ላይ ላጲስ ያስፈልጋችኋል። እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው የዲኤንኤ ምርመራ እናትና አባቱ የሣልሳዊ አመንሆቴፕና የቲዬ ልጆች ናቸው ብሏል። አባትየው ከሣልሳዊ አመንሆቴፕ ቀጥሎ የነገሠው ልጁ አኸናተን ነው የሚለው ይበዛል፤ በነጠብጣብ አገናኙ። የእናትየው አስከሬን ተገኝቷል እንጂ ስሟ አልታወቀም። ኔፈርቲቲ ናት ብሎ የሚሞግተኝ ተማሪ አይጠፋም። እኔ ግን ኔፈርቲቲን ከአኸናተን ጎን በቀይ አስምሬ፣ ስድስት ሴቶች ልጆቿን ከሥሯ እጽፋለሁ። ከእነሱ አንዷን አንኸሰናሙንን ደግሞ ከባሏ ከቱታንካሙን ጋር በቀይ አገናኛለሁ።

ከቱታንካሙን በኋላ የነገሡት አይ እና ሆረምሄብ ከሰማያዊው መስመር ውጭ፣ ዳር ላይ ይቀመጡ። ሆረምሄብ ወራሽ ልጅ ስላልነበረው መንግሥቱን ለሹሙ ለቀዳማዊ ራምሴስ አወረሰ። ለራምሴስ ቤት ሌላ ካላንደር ገልብጡ።