አንቶኒ ትሮሎፕን «የባሕርይ ዓይነት» ሲሰጡት የሚሠሩ ስህተቶች

እንግሊዛዊው አንቶኒ ትሮሎፕ (1815–1882 እ.ኤ.አ.) 47 ልብ ወለዶች ጽፏል፤ ብዙዎቹን ከፖስታ ቤት ሥራው ጋር ደርቦ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ሲገኝ በአራት ፊደል የሚነገረውን የባሕርይ ዓይነት ሊለጥፉበት የሚሽቀዳደሙ አይጠፉም። ፊደሎቹን የሚሰጠው የማየርስ-ብሪግስ (MBTI) መጠይቅ በ1940ዎቹ የመጣ ነው፤ እሱ ደግሞ አንዲት ጥያቄ እንኳ ሳይሞላ ሞቷል። ግምት መሆኑ ካልተረሳ መገመቱ ነውር የለውም፤ የሚከተሉትን ግን ተጠንቀቁ።

በኪስ ሰዓቱ መፍረድ። ትልቁ ስህተት ይህ ነው። ትሮሎፕ ሰዓቱን ፊቱ አስቀምጦ በየሩብ ሰዓቱ 250 ቃላት ይጽፍ ስለነበር «ሲፈጥረው ሥርዓታማ» ይባላል። በ1834፣ በ19 ዓመቱ፣ ለንደን ፖስታ ቤት ሲቀጠር ግን አርፋጅና ባለዕዳ ነበር፤ አለቆቹን እያማረረ 7 ዓመት ያህል ኖረ። የተቃናው በ1841 ወደ አየርላንድ ተዛውሮ ነው። ኋላም ቢሆን ንጋት ላይ የሚቀሰቅሰውና ቡና የሚያቀርብለት ሽማግሌ የፈረስ አሽከር ነበረው፤ ለዚህች ብቻ በዓመት 5 ፓውንድ ይጨምርለታል። ማልዶ መነሣት በደሙ ያለ ሰው ቀስቃሽ አይቀጥርም! ስለዚህ ፊደል ከመስጠታችሁ በፊት የምትፈርዱት በ20 ዓመቱ ትሮሎፕ ላይ ይሁን በ50 ዓመቱ ለዩ።

ሒሳቡን መሳት። በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል ይሠራል። ሦስት ሰዓት ስለሆነ 3,000 ቃል ነው ብለው የሚያባዙ አሉ። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ግን የትናንቱን ጽሑፍ ማንበቢያ ነበር፤ የቃላቱን ድምፅ በጆሮው ይመዝናል። የቀረው 2,500 ቃል ነው፤ በእሱ የገጽ ልክ 10 ገጽ። ያቺን ግማሽ ሰዓት የዘለለ ሰው ትሮሎፕን ጆሮ የሌለው ማሽን ያደርገዋል።

እናቱን መርሳት። ፍራንሲስ ትሮሎፕ መጽሐፍ ማሳተም የጀመረችው 50 ዓመት ካለፋት በኋላ ነው። ቤተሰቡ ዕዳ ሸሽቶ ብሩዥ፣ ቤልጂየም፣ ሳለ ባሏንና ልጇን እያስታመመች ትጽፍ ነበር፤ በክፍሎቿ የመድኃኒት ብልቃጡና የቀለም ጠርሙሱ እኩል ቦታ ነበራቸው። አንቶኒ ትጋትን ያየው እዚያ ነው። በፊደል ከማስረዳት በፊት ቤቱን ማየት ይቀድማል።

መንገድ ዳር የሚተከለው፣ ደብዳቤ የሚጣልበት የፖስታ ሣጥን «ፈጣሪ» ማለት። ፈረንሳይ ያየውን በእንግሊዝና በፈረንሳይ መካከል ላሉት የቻናል ደሴቶች ሐሳብ አድርጎ አቀረበ፤ በ1852 ከደሴቶቹ በአንዷ፣ በጀርሲ፣ ተተከለ። አልፈጠረውም።

ጩኸቱን ብቻ መስማት። ድምፀ ጎርናና፣ የቀበሮ አደን ወዳጅ ስለነበር «ተግባቢ» የሚለውን ፊደል ይሰጡታል። በልጅነቱ ግን ጓደኛ አልነበረውም፤ አንዱን ታሪክ በሐሳቡ ለወራት እየቀጠለ ብቻውን ይኖር ነበር። ይህን የምናውቀው በ60 ዓመቱ ገደማ ከጻፈው ግለ ታሪክ መሆኑንም አትርሱ፤ ሽማግሌ ስለ ልጅነቱ ሲያወራ ነው። ካደገም በኋላ ከሐሳቡ ሰዎች ጋር መኖሩን አልተወም፦ አንድ ቀን በለንደኑ አቴኒየም ክለብ ሁለት ቄሶች ገጸ ባሕርያቱን ይደጋግማል ብለው በልብ ወለዶቹ ውስጥ ያለችውን የጳጳስ ሚስት፣ ወይዘሮ ፕራውዲን፣ ሲያሙበት ሰማ። ተነሥቶ ሳምንቱ ሳያልቅ እንደሚገድላት ነገራቸው፤ ቤቱ ገብቶም ገደላት። ከዓመታት በኋላ ግን መግደሉ አንዳንዴ እንደሚጸጽተው ጽፏል።